ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ምን ዓይነት ፕሪአምፕ ይሻላል?

ሸክላ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ከአባት ወይም ከአጎት የተረፈ አንድ ካርቶን ሸክላ ከቁም ሳጥን አናት ይወርዳል፤ አቧራው ይራገፋል፤ ከዚያ ማጫወቻ ይፈለጋል፣ አምፕሊፋየር ይፈለጋል፣ ስፒከር ይፈለጋል። ሁሉም እንደምንም ከተሟላ በኋላ «ነገሩ የገባው» የተባለ ወዳጅ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ዙሪያውን ያያል፤ «ፕሪአምፑስ የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። ገንዘብ ያለ ቦታው መፍሰስ የሚጀምረው በአብዛኛው ከዚህች ጥያቄ በኋላ ነው።

ጥያቄዋ ምንም አላጠፋችም። ጥፋቱ መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው ፕሪአምፕ የሚመርጠው በስም፣ በዋጋ፣ ወይም ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው በሰፊ ሳሎኑ ተቀምጦ በተናገረው ነው። ያ ሰው የሚኖረው በግቢ ውስጥ ለብቻው በቆመ ቤት ነው፤ ከላዩም ከታቹም ጎረቤት የለውም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላለ ሳሎን የሚስማማው ፕሪአምፕ ግን ገምጋሚዎች «ለጀማሪ ነው» ብለው የሚያልፉት ዓይነት ነው፦ ብዙ የማያጎላ፣ የሸክላ መግቢያ ያለው፣ ባስና ትሬብል የሚስተካከልበት፣ ቢቻል የሞኖ ቁልፍ ያለው። ውዱና ዝነኛው እዚያ ሳሎን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የባሰ ይሰማል። ይህ የጆሮ ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ከቤቱ እንጀምር። የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲነደፍ ባለ አንድ መኝታው ከ20 እስከ 30 ካሬ ሜትር፣ ባለ ሁለት መኝታው ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ቦታ ቦታው ትንሽ ቢለያይም በዚህ ስፋት ውስጥ ሶፋው፣ ብፌው፣ ቴሌቪዥኑና የምግብ ጠረጴዛው ከገቡ በኋላ ከሶፋው እስከ ስፒከሩ የሚቀረው ሁለት ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው። ከላይ ቡና ሲወቀጥ ከታች ይሰማል፤ የጎረቤት ልጅ ኳስ ሲያነጥር የብፌው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። የድሮዎቹ የልደታ ጭቃ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ሲተካ ጉርብትናው ከአጥር ማዶ ተነስቶ ወደ ላይና ወደ ታች ዞሯል። በዚህ ቤት ውስጥ ሙዚቃ በስንት ድምፅ ይከፈታል?

75 ዴሲቤል ገደማ እንበል። ደስ የሚል፣ ግን ጎረቤት በር የማያስንኳኳ ድምፅ ነው። አንድ ተራ ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ 88 ዴሲቤል አካባቢ ያወጣል። ሁለት ስፒከር ባለበት እንዲህ ዓይነት ሳሎን ውስጥ 75 ዴሲቤል ለማግኘት የሚበቃው የአንድ ዋት አንድ አሥረኛ ነው። አዎ፣ አንድ አሥረኛ። ከበሮው ድንገት ሲመታ፣ ነሐሱ ሲነሳ ለሚያስፈልገው መጠባበቂያ መቶ እጥፍ ቢጨመርበት እንኳ 10 ዋት ነው። መርካቶ ውስጥ «ሁለት ሺህ ዋት» ተብሎ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሁሉ ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

አሁን ይህን ወደ ፕሪአምፕ እንመልሰው። አብዛኛው ፓወር አምፕሊፋየር የገባለትን ቮልቴጅ 20 እጥፍ ገደማ ያጎላል። ያ የዋት አንድ አሥረኛ በ8 ኦም ስፒከር ላይ 0.9 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ወደ አምፕሊፋየሩ መግባት ያለበት 0.045 ቮልት ብቻ ነው። ሲዲ ማጫወቻ በሙሉ ድምፁ 2 ቮልት ያወጣል። የሙዚቃው አማካይ ከዚያ ስምንት እጥፍ ዝቅ ቢል 0.25 ቮልት ይሆናል። ያም ቢሆን ከሚፈለገው ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ማለት ለሲዲ፣ ለብሉቱዝ መቀበያ፣ ለኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ማጉላት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መቀነስ ነው። እዚህ መሐል 10 እጥፍ የሚያጎላ ዝነኛ ፕሪአምፕ ሲገባ ትርፉ ወደ 55 እጥፍ ይደርሳል። ባለቤቱ ያን ሁሉ መልሶ በቮሊዩም ቁልፉ ያፍነዋል።

ጉዳቱ የሚታየው እዚያ ቁልፍ ላይ ነው። በቮሊዩም ቁልፍ ውስጥ ለግራና ለቀኝ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ቁልፉ መሐል አካባቢ ሲሆን ሁለቱ እኩል ይሄዳሉ፤ መነሻው ጫፍ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ስለዚህ ድምፁ ገና ሲከፈት ዘፋኙ ወደ ግራ ስፒከር ያዘነብላል፤ ትንሽ ቢጨመር ወደ መሐል ይመለሳል፤ ያኔ ግን ለሰዓቱ በጣም ይጮሃል። የብዙ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ስሞታ ይህ ነው፦ «ወይ አይሰማም፣ ወይ ይጮሃል፤ መሐሉ የለም።» ሰውየው ስፒከሩን ይጠረጥራል፣ ገመድ ይቀይራል፣ ሌላ የበለጠ ውድ ፕሪአምፕ ያስባል። በሽታው ግን የማጉላት ብዛት ነው። መድኃኒቱ የማያጎላ ወይም ሁለት ሦስት እጥፍ ብቻ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ በግማሽ አካባቢ ከሆነ ነገሩ ተስማምቷል ማለት ነው።

ታዲያ ፕሪአምፕ ጨርሶ አያስፈልግም? ለሸክላ ያስፈልጋል፤ እንዲያውም ያለ እሱ ሸክላ አይሰማም። ግን ሸክላ የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ብዙ ሰው አሳስቷል። የተለመደው ማግኔት ያለበት ካርትሪጅ ከመርፌው የሚያወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ከሲዲው 2 ቮልት ጋር ሲነጻጸር 400 ጊዜ ያንሳል። ይህን 100 እጥፍ ገደማ የሚያጎላ የፎኖ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። ሙቪንግ ኮይል የሚባለው ስስ ዓይነት ካርትሪጅ ደግሞ ከግማሽ ሚሊቮልት በታች ስለሚያወጣ 1000 እጥፍ ድረስ ይፈልጋል። የፎኖ ፕሪአምፕ ከማጉላት ሌላም ሥራ አለው። ሸክላ ሲቀረጽ መርፌው ከጉድጓዱ እንዳይዘል ባሱ ይቀነሳል፤ ፍጭርጭርታው እንዲሸፈን ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ወጥ ደረጃ፣ አር አይ ኤ ኤ በሚባለው፣ የሚሠራው ይህ ነው። ፎኖው ሲያጫውት ይህን ይገለብጠዋል። ያለ እሱ የተገጠመ ሸክላ ከሩቅ እንደሚሰማ የስልክ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ይቀራል።

ተቃራኒው ጥፋትም አለ። አሁን የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ የፎኖ ፕሪአምፕ በውስጣቸው አላቸው፤ ከኋላቸው «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል ትንሽ ማብሪያ ይኖራል። ላይን ላይ ሆኖ የአምፕሊፋየሩ ፎኖ መግቢያ ላይ ከተሰካ ሁለት ጊዜ ይጎላል፣ ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፤ ባሱ ይጎረናል፣ ድምፁ ይሰነጠቃል። መፍትሔው አንድ ማብሪያ ማንቀሳቀስ ነው። ዋጋው ዜሮ ብር። ስንት ሰው ግን በዚህ ምክንያት ስፒከር ቀየረ!

ነገሩ ስለ ዕቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ነገር ግን ተራ ዕቃ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ይዞ ሲነሳ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እሱ ግን በአለማየሁ እሸቴ ጀመረና እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ አንድ መቶ ገደማ የ45 ዙር ሸክላና ከአሥር በላይ ኤልፒ አሳተመ። የሙላቱ አስታጥቄ «ኢትዮ ጃዝ» በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው በዚያው ቤት ነው። አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም የራሱን አሳተመ፤ የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» የዚያ ቤት ነው። ከዚያ ካሴት መጣና ሸክላ ቆመ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ብዙውን ወደ ሲዲ መልሶታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ልደታ ውስጥ ከአንድ ብፌ በላይ ያለ ካርቶን በሌላ መልክ የማይገኝ ዘፈን ሊይዝ ይችላል። ያረጀ መርፌ አንዴ ከሄደበት ያ ጉድጓድ አይመለስም። ለፕሪአምፕ ከተያዘው ገንዘብ ላይ መጀመሪያ የሚቆረጠው የአዲስ መርፌ ዋጋ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ይህ ለክርክር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ሦስት ጊዜ የተጫወተና ሦስት መቶ ጊዜ የተጫወተ ሸክላ አንድ ዓይነት ማጫወቻ አይፈልጉም። የኛዎቹ ደግሞ በየመጠጥ ቤቱና በየሠርጉ ያረጁ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ገምጋሚዎች የሚንቁት የሞኖ ቁልፍ ዋጋው የሚታወቀው። ሸክላው በሞኖ የተቀረጸ ከሆነ ሙዚቃው ያለው በጉድጓዱ አግድም እንቅስቃሴ ላይ ብቻ ነው፤ ስቴሪዮ ካርትሪጅ ግን ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈጠረውን የአቧራና የጭረት ጩኸት ጭምር ያነባል። የሞኖ ቁልፉ ሲጫን ግራና ቀኙ ይደመሩና ያ የላይና የታች ጩኸት እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ጭረቱ ሁሉ አይጠፋም፤ ግን የሚቀንሰው መጠን ያስገርማል። አንዳንድ «ንጹሕ» የሚባሉ የውጭ ፕሪአምፖች ይህን ቁልፍ ያወጡት ድምፅ ያበላሻል ብለው ነው። ንጹሕ ሸክላ ላለው ሰው እውነት ሊሆን ይችላል።

ባስና ትሬብልም እንዲሁ ነው። «ድምፁ እንደተቀዳ መሰማት አለበት፤ የባስ ቁልፍ ለጀማሪ ነው» የሚል ጠንካራ ወገን አለ። ይህ ወገን የሚናገረው ስለ ጮክ ያለ ድምፅ ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ባሱን ከሁሉ አስቀድሞ ይጥለዋል። ስቱዲዮ ውስጥ በጩኸት የተሰማ ሙዚቃ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ልደታ ውስጥ ልጆች ተኝተው በሹክሹክታ ሲከፈት፣ ባስ ጊታሩ ይጠፋና ዘፋኙና ኪቦርዱ ብቻ ይቀራሉ። በዚያ ሰዓት ባሱን ትንሽ ከፍ ማድረግ የሙዚቃውን ሚዛን ወደ ቦታው መመለስ ነው። በድሮ ሪሲቨሮች ላይ «ላውድነስ» የሚባለው ቁልፍ የተሠራው ለዚሁ ነበር። ጎረቤት ላለው ሰው ከዚያ ቁልፍ የሚበልጥ ፈጠራ እምብዛም የለም።

ወደ ውጭ አገር ዘመድ እንምጣ፤ ምክንያቱም ብዙው ጥሩ ዕቃ የሚመጣው በሻንጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ፤ ስለዚህ አንድ የ500 ዶላር ፕሪአምፕ ያኔ ቀድሞ ከነበረው ሁለት እጥፍ ብር ሆነ። «ከዋሽንግተን ይላክልኝ» የሚባለው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ግን 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ናት፤ አዲስ አበባ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። በቀጥታ የተሰካ የአሜሪካ ፕሪአምፕ፣ ፊውዙ ካላዳነው፣ በጢስ ያበቃል። ስለዚህ 220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ ቮልቴጁ ይስተካከላል። ኸርዙ ግን አይስተካከልም።

ለፕሪአምፕ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ በ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ትንሽ ይሞቃል እንጂ። አደጋው ያለው በዚያው ሻንጣ በመጣው ሸክላ ማጫወቻ ላይ ነው። አንዳንድ የቆዩ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን የሚወስኑት በመብራቱ ኸርዝ ነው። በ60 የተሠራው በ50 ሲሰካ 45 ዙር የነበረው 37.5 ዙር ይሆናል፤ 33ቱ ደግሞ ወደ 28 ይወርዳል። ድምፁ ሦስት ግማሽ ቶን ገደማ ይወርዳል። ቅኝቱ ያው ትዝታ ነው፤ ግን ጥላሁን ገሠሠ ከእንቅልፉ ገና የተነሳ ይመስላል። ባለቤቱ «ፕሪአምፑ ድምፁን አወፈረው» ብሎ ሲከስ ሊሰማ ይችላል። ፕሪአምፕ ፍጥነት አይነካም። ፍጥነታቸውን በኳርትዝ የሚቆጣጠሩ፣ እንደ ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ማርክ 2 ያሉት፣ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ቮልቴጃቸውን ብቻ ማስተካከል ይበቃል።

ላምፓ ያለው ፕሪአምፕ እንዲላክላቸው የሚመኙም አሉ። ብርሃኑ ያምራል፤ ድምፁም ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ሁለት ነገር ይታሰብ። ላምፓው ያልቃል፤ ምትኩም ሌላ ሻንጣ ይጠብቃል። ሁለተኛው ማጣመር ነው። አንድ ዕቃ ለሚቀጥለው ሲግናል ሲሰጥ የተቀባዩ ኢምፒዳንስ ከሰጪው ቢያንስ አሥር እጥፍ መብለጥ አለበት። ላምፓዎች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ የመውጫ ኢምፒዳንስ አላቸው፤ አሁን በየሱቁ ያሉት ትንንሾቹ ዲጂታል አምፕሊፋየሮች ደግሞ ዝቅ ያለ መግቢያ፣ አንዳንዴ 10 ኪሎ ኦም ብቻ። በፕሪአምፑ መውጫ ላይ ያለው ካፓሲተር ትንሽ፣ ለምሳሌ 0.22 ማይክሮፋራድ፣ ከሆነ ከ72 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ መውደቅ ይጀምራል። የባስ ጊታር ዝቅተኛው ክር 41 ኸርዝ ነው። የዋሊያስ ባንድ ባስ ግማሹ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ለየብቻቸው ጥሩ ናቸው፤ አብረው ግን አይሆኑም። ሻጭ ይህን ስለማይናገር ከመግዛት በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ከመመሪያው ወይም ከኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይገባል፦ የመውጫው ስንት ኦም፣ የመግቢያው ስንት ኦም። አሥር እጥፍ ካለ ሌላው የጣዕም ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ልደታ ውስጥ የፎኖ ፕሪአምፕ ጠላት «ሙ...» የሚለው ድምፅ ነው። ከሲዲው 400 ጊዜ ያነሰ ሲግናል 100 እጥፍ ሲጎላ በዙሪያው ያለው ሁሉ አብሮ ይጎላል። ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከር ላይ የሚሰማውን ጥርጥርታ የማያውቅ የለም፤ ፎኖው አጠገብ ስልክ የሚቀመጥ ከሆነ ያ በየጊዜው ይመጣል። ከማጫወቻው ኋላ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ተራ ጌጥ አይደለም፤ በፎኖው ላይ ግራውንድ የሚል ብሎን አለ፣ እዚያ መታሰር አለበት። ስታብላይዘሩ ሆዱ ውስጥ ትራንስፎርመር ስላለው ከካርትሪጁ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ብዙ ቤት ግን ስታብላይዘሩ የሚቀመጠው ልክ ከማጫወቻው ሥር፣ ብፌው ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጩኸቱ ካልሄደ የሚጠረጠረው ዲሽ ነው። ከጣሪያ የሚመጣው የዲሽ ገመድ ራሱ ከሕንፃው ብረት ጋር ይነካካል፤ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ፣ ቴሌቪዥኑ በድምፅ ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይያያዛል። መሬት በሁለት መንገድ ስትገባ በመሐሉ 50 ኸርዝ ይዞራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ነቅሎ ማዳመጥ። ጩኸቱ ከቆመ ፕሪአምፑ ነጻ ነው። አንዳንዱ የሶኬቱን የግራውንድ እግር በመቁረጥ «ይፈታዋል»፤ ይህ ሰው ይገድላል። የሶኬቱ ግራውንድ ከነጭራሹ መታሰሩን በመሣሪያ የሚለካ ኤሌክትሪሻን መጥራት ከማንኛውም ፕሪአምፕ ይረክሳል፤ ውጤቱም ከብዙዎቹ ይበልጣል።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ብዙ ጊዜ መልሱ ቤት ውስጥ ነው። ብፌ ላይ ተቀምጦ የፎቶ ማስደገፊያ የሆነ የድሮ ሳንሱይ ወይም ፓዮኒር አምፕሊፋየር የፎኖ መግቢያ አለው፣ ባስና ትሬብል አለው፣ ላውድነስ አለው፣ ብዙዎቹ የሞኖ ቁልፍ አላቸው። አንዳንዶቹ ከኋላቸው «ፕሪ አውት» እና «ሜይን ኢን» የሚሉ መሰኪያዎች አሏቸው፤ በመሐላቸው ያለችው የብረት ማያያዣ ስትነቀል ዕቃው ለሌላ አምፕሊፋየር ፕሪአምፕ ይሆናል። ቁልፎቹ ቢንኳኩ በኮንታክት ስፕሬይ ይጸዳሉ፤ ያበጡ ካፓሲተሮች ካሉ ጎበዝ ራዲዮ ጠጋኝ ይቀይራቸዋል። የጠጋኙ ዋጋ ከአዲስ ፕሪአምፕ ጋር አይወዳደርም። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለና አሁን ያለው አምፕሊፋየር የቮሊዩም ቁልፍ ካለው ደግሞ የሚያስፈልገው ትንሽ የፎኖ ሳጥን ብቻ ነው፤ ሙሉ ፕሪአምፕ አይደለም።

ሙሉ ፕሪአምፕ ትርጉም የሚኖረው ፓወር አምፕሊፋየሩ ራሱን የቻለና ቁልፍ የሌለው ሲሆን፣ ወይም ማጫወቻው፣ ካሴቱ፣ ሲዲውና ቴሌቪዥኑ ሁሉ አንድ ቦታ መግባት ሲኖርባቸው ነው። ያኔም ዝቅተኛ ጌይን ያለው ይመረጥ። ካርቶኑ ውስጥ የ78 ዙር ሸክላ ካለ፣ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄዶ እንደቀረጻቸው ያሉ፣ እነሱ ሰፋ ያለ መርፌና የራሳቸው ፍጥነት ይፈልጋሉ፤ የዛሬው አር አይ ኤ ኤም ለእነሱ አልተሠራም። በተራ መርፌ መሞከር ለሸክላውም ለመርፌውም ጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተገኘበት ቤት ፕሪአምፕ ከመግዛቱ በፊት ሸክላውን አለመንካት ይሻለዋል።

መርካቶ ሄዶ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይዞ ይሂድ፦ የሚያውቀውን ዘፈን በስልኩና ማገናኛ ገመድ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው» ሲል መልሱ ዕቃውን ማሰካት ነው። ባዶውን የፎኖ መግቢያ ይመረጥና ቮሊዩሙ ቀስ እያለ ከፍ ይበል፤ «ሽ...» የሚል ዝቅተኛ ድምፅ ያለ ነው፣ «ሙ...» የሚል ከሆነ ግን ዋጋው ይወርዳል ወይም ዕቃው ይቀራል። ቁልፉ ሲዞር ከተንኳኳ ይጸዳል፤ ከግራ ወይም ከቀኝ አንዱ ከጠፋ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከዚያ በስልኩ ያለው ዘፈን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ይከፈት፣ ልክ ማታ ቤት ውስጥ እንደሚከፈተው። ዘፋኙ መሐል ላይ ቆሟል? ባሱ አለ? ዕቃው ሲሞቅ የሚለወጥ ነገር ስላለ ግማሽ ሰዓት ይቆይና እንደገና ይሰማ። ሻጩ ግማሽ ሰዓቱን ካልፈቀደ ከጎኑ ሌላ ሱቅ አለ።